የኮንትሮል ጭንቅላት

ሰኞ፣ ግንቦት 11። ጠዋት 1 ሰዓት

ሻይ ጥጃለሁ። ታይዋን ገበያ ያለውን ሱቄን ለመክፈት ቸኩያለሁ፤ የአንዲት ሙሽራ መጋረጃ ዛሬ ተሰፍቶ ማለቅ አለበት። ኮንትሮል ግን አልዞረም።

አንተ ደብተር ኮንትሮልን ታውቀዋለህ፤ ከግማሽ በላይህን የሞላሁት በእሱ ነው። ድመታችን በየማለዳው የግቢውን በር ሁሉ አንድ በአንድ እየዞረ ይፈትሻል። ስሙን ያወጣለት ወንድሜ ጌታሁን ነው፤ በድሮው ባቡር ላይ ትኬት በሚቆጣጠሩት ሰዎች ስም። ጌ. ያኔ የምድር ባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነበር። ዛሬ ቤት ቁጭ ብሎ የሰው ቬንትሌተር ይጠግናል።

አልጋ ሥር አገኘሁት። ምራቁ እስከ ደረቱ ወርዷል። አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል ብዬ አፉን ልከፍት ስል ክንዴን ከክርኔ እስከ አንጓዬ ቦጨቀው። በእጄ ያደገው ድመት! ደሜ የቀዳሁት ሻይ ውስጥ ተንጠባጠበ። ስኒውን ግድግዳው ላይ ከሰከስኩት። ጌ. ከእንቅልፉ ብድግ ብሎ ምን ሆነሻል አለኝ። ስኒ ተሰበረ አልኩት።

ክንዴን በጨርቅ አስሬ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ከሰ. 11 ሰዓት

ምንም አልበላም። ሲራመድ የኋላ እግሮቹ ይጠላለፋሉ። ብርሃን ሲያይ ይበረግጋል። ቬንትሌተሩ ሲዞር ንፋሱ ነካው መሰለኝ፣ ዘሎ ከብረቱ ጋር ተላተመ፤ ወድቆ ደግሞ ተነሣና እንደገና ተላተመ። ጌ. ሶኬቱን ነቀለ። በዚህ ሙቀት ቬንትሌተር አጥፍተን ላብ በላብ ሆነን ቁጭ ብለናል።

መርዝ ነው። ሌላ ምን ይሆናል? ትናንት ደህና ነበር። ማን እንዳበላውም አውቃለሁ። ሐዎ። ግቢው በር ላይ የግመል ወተት የምትሸጠው ጎረቤታችን። ባለፈው ሳምንት ነጠላ ጫማዋን ስትወረውርበት በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ዕለት ዝም ማለቴ ያንገበግበኛል። ጌ. ሳታረጋግጪ አትናገሪ ይለኛል። እሱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ቤታችን ቢቃጠል እሳቱን ማን እንደለኮሰው ካላረጋገጠ ውሃ አያፈስም።

እጄን ይበላኛል። ሰው መምታት አምሮኛል። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ ያወጣልኝን ሰው ነፍሱን ይማር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12። ከሰ.

ያደረግኩትን ልጻፍና ይውጣልኝ።

ጠዋት ሐዎ ወተቷን ዘርግታ ደንበኞቿ ተሰልፈዋል። ሄጄ ፊቷ ቆምኩ። ምን አበላሽው አልኳት። ማንን አለችኝ። ይህቺ ማንን የምትለዋ ነገር ናት ያሳበደችኝ። ጀሪካኑን በእርግጫ አልኩት። ወተቱ ግቢውን አልፎ መንገድ ላይ ወጣ። ሴቶቹ ጮኹ። እኔም ጮህኩ፤ መርዘኛ አልኳት፣ ሌላም ብዙ አልኩ፣ እዚህ አልጽፈውም። ብትመታኝ ኖሮ እፎይ እል ነበር። አልመታችኝም። የፈሰሰውን አየች፤ እኔን አየች፤ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች።

ከዚያ ኮንትሮልን የቬንትሌተር ካርቶን ውስጥ ከትቼ፣ በገመድ አስሬ፣ በባጃጅ ወደ እንስሳት ጤና። መንገዱን ሙሉ ካርቶኑን ከውስጥ ሲቧጭር ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ ምንድነው የያዝሽው ይላል። ወንድሜን ነው አልኩት።

ባለሙያው ወጣት ነው። ሥራው ፍየል፣ በሬ፣ ግመል ነው፤ ለድመት የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ፣ ውጭ ፍየል ይዘው የቆሙት ሁሉ ሳቁብኝ። በካርቶኑ ቀዳዳ አየው። አልነካውም። መርዝ ሊሆን ይችላል አለ። የጭንቅላት በሽታ ሊሆን ይችላል አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የእብድ ውሻ በሽታም ሊሆን ይችላል አለ። የነከሰው ሰው አለ? የለም አልኩ። ይህ ክንድሽስ? ምስማር ነው አልኩ። በሕይወት እያለ መለየት አይቻልም አለኝ። የሚለየው ከሞተ በኋላ ነው፤ ጭንቅላቱ ተቆርጦ በበረዶ አዲስ አበባ ሲላክ።

የአንተን ጭንቅላት ነው የምልከው አልኩት። ጠረጴዛውን መታሁት። ልጁ አልተቆጣም። ቆልፋችሁ ጠብቁት፣ አትቅረቡት፣ የተነከሰም የተቧጨረም ሰው ካለ ዛሬውኑ መርፌ ይጀምር አለኝ። ጀርባዬን ሰጥቼው ወጣሁ።

ዕቃ ቤት ውስጥ ቆለፍኩበት። ከሰዓት በኋላ ሙሉ በሩን ሲነክስ ሰማሁ። እንጨት ሲፈለጥ ይሰማል። ደብተሬ፣ ፈራሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13። ቀትር

ጌ. ተነከሰ።

ውሃ ላስገባለት ብሎ በሩን ገርበብ አደረገ። ሱቅ ነበርኩ። ስመጣ አውራ ጣቱ እስከ አጥንቱ ተበስቷል፤ ሊጠግናቸው የደረደራቸው ቬንትሌተሮች ሁሉ ደም በደም ናቸው። ኮንትሮል አልለቅም ብሎት ነበር። ጌ. በጡጫ አናቱን መትቶ ነው ያስለቀቀው። ኮንትሮልን መታሁት እያለ ያለቅሳል፤ ስለ ጣቱ አይደለም የሚያለቅሰው።

በሳሙና አጠብኩለት። ቧንቧው ሥር ይዤው ውሃው እስኪጠራ አጠብኩት። እንሂድ ጤ/ጣቢያ አልኩት። አልሄድም አለ።

ምክንያቱን አስረዳኝ። ጤ/ጣቢያ መርፌ የምትወጋው የጋሽ ዘሪሁን ልጅ ናት። ጋሽ ዘሪሁን በዕድሜ የግቢያችን ትልቅ ናቸው፤ የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። ጌ. ዛሬ መርፌ ቢወጋ እስከ ማታ ግቢው በሙሉ ያውቃል። እኛ ግቢ መርፌ ማለት ምስክርነት ነው። መርፌ የተወጋሁ ዕለት ኮንትሮል አብዷል ብዬ ፈረምኩ ማለት ነው፤ በዱላ ቀጥቅጠው ይገድሉታል አለኝ። ኮንትሮል ተመርዟል እንጂ አላበደም፤ ሁለት ሦስት ቀን ታገሺ፣ ይድናል።

ትክክል ነህ አልኩት።

አዎ፣ አልኩት። ደስም አለኝ። ወንድሜ ከእኔ ጋር ነው ብዬ ደስ አለኝ። ጣቱን በነጭ ጨርቅ ጠቀለልኩለትና እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርግ አልኩት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14። ከሰ. 10 ሰዓት

በችኮላ ነው የምጽፈው። ጽሑፌ ካልተነበበልኝ ይቅር።

ኮንትሮል ከጠዋት ጀምሮ ይጮሃል። የድመት ጩኸት አይደለም። ሰው ጉሮሮውን ሲታነቅ የሚያወጣው ዓይነት ነው። ግቢው በሙሉ ወጣ። ጋሽ ዘሪሁን ዱላ ይዘው፣ ሁለት ጎረምሶች አስከትለው መጡ። እኔ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። እጄ የገባልኝ የመጋረጃ ብረት ነው፤ ለደንበኛ የቆረጥኩት ረጅሙ።

"አቦ ልጄ፣ ከበሩ ዞር በይ" አሉኝ። "ያበደ እንስሳ ዘመድ አያውቅም።"

አላበደም አልኩ። የልጅ ልጄ እዚህ ግቢ ውስጥ ነው የሚጫወተው አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አሁን ሲጻፍ ይታየኛል። ያን ጊዜ ግን አልታየኝም። አንድ እርምጃ ሲጠጉ በብረቱ ትከሻቸውን አልኳቸው። አባት የሚያህሉ ሰውዬ! አንቱ ማለቱን ሁሉ ረሳሁት፤ አንድ ብትነቃነቅ አናትህን እከፍተዋለሁ አልኩ። ጎረምሶቹ ድንጋይ አነሡ። አንዱ ጆሮዬ ሥር አልፎ በሩን መታ፣ አንዱ ጉልበቴን አገኘው። እኔም ብረቱን እያወናጨፍኩ፣ ማንን እንደምመታ ሳላውቅ።

ሐዎ መጣች። መሃል ገባች፣ ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ እነሱ አድርጋ። ለማን እንደቆመች አልገባኝም። ሶስተኛው ድንጋይ ክንዷን መታት። በሶማሊኛ ምን እንዳለቻቸው እንጃ፣ ጎረምሶቹ ድንጋዩን ጣሉ።

ጋሽ ዘሪሁን ትከሻቸውን ይዘው፣ የተነከሰ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ጌ. እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። የለም አለ። እኔም የለም አልኩ። ሐዎ መሬት መሬቱን አየች።

ሄዱ። ባለሙያ እጠራለሁ ብለው ሄዱ። ጉልበቴ አብጧል። ብረቱ ተጠምዝዟል። እንዲያም ሆኖ ያሸነፍኩ መስሎኛል።

ዓርብ፣ ግንቦት 15። ከሰ. 9 ሰዓት

ቀትር ላይ፣ በሙቀቱ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት፣ ሐዎ በራችንን ከፍታ ገባች። ጌ. የለም፣ የሽቦ ጥቅል ሊገዛ ወጥቷል። ልትጣላኝ መስሎኝ ተነሣሁ። ቁጭ በይ አለችኝ። ቀሚሷን ከፍ አደረገች። ባቷ ላይ የጥርስ ቀዳዳ፣ ዙሪያው የጠቆረ።

"አባዮ፣ እህቴ፣ ድመቱን እኔ ሱልጣን ነው የምለው" አለችኝ። "ማታ ማታ እኔ ጋ ወተት ይጠጣል። ወላሂ አልመረዝኩትም።"

ነጠላ ጫማዋን የወረወረችበት ዕለት የነከሳት ዕለት ነበር። ለማንም አልተናገረችም። ብትናገር ሱልጣንን ይገድሉታል ብላ። ወተቷን ስደፋባት ዝም ያለችው ለዚህ ነው፤ አፏን ብትከፍት ይሄ ነበር የሚወጣው። የእሷና የጌ. አእምሮ በአንድ ቀን የተሠራ ይመስላል። የእኔም።

ትናንት ግን የጌ.ን ኪስ አየች። ስለዚህ መጣች። ገጠር፣ ዋሂል የምትባል መንደር አጠገብ፣ ልጅ ሳለች፣ አጎቷን ውሻ ነክሶት ነበር። ቁስሉ ድኗል፤ ሰውየውም ድኜያለሁ ብሎ ከግመሎቹ ጋር ወጥቷል። ቆይቶ አንድ ቀን ውሃ ስጡኝ አለ። ሲሰጡት ጮኸ። ውሃውን ባየ ቁጥር ይጮሃል። ሚስቱን ሊነክስ ሄደ። የገዛ ወንድሞቹ ከግራር ጋር በግመል ገመድ አሰሩት፤ ገመዱ ሥጋው ውስጥ እስኪገባ ታገለ። ሲሞት ማንም አልቀረበውም። እንደ ወሬ አይደለም የነገረችኝ። ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ነው።

"እኔ ነገ ጠዋት መርፌ እወጋለሁ" አለች። "ይግደሉት። ወንድምሽን አምጪው።"

ውጪልኝ ብዬ ጮህኩባት። ወጣች። ከወጣች በኋላ ግድግዳውን እጄ እስኪላጥ ደበደብኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ 12 ሰዓት

ጌ. መጣ። ነገርኩት። የሐዎን እግር፣ አጎቷን፣ ግራሩን። ምንም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አላበደም ይላል። ጣቴ እየዳነ ነው ይላል፤ ፈታ አድርጎ ያሳየኛል። የሐዎ አጎትም ቁስሉ ድኖ ነበር እኮ! ጠግኖ የጨረሰውን ቬንትሌተር አንሥቼ መሬት ላይ አፈነዳሁት። ክንፎቹ ተበተኑ። ኮሌታውን ይዤ ነቀነቅኩት። እናቴ ቤት ውስጥ ካንተ ሌላ ማን ቀረኝ አልኩት። ነከስኩትም መሰለኝ፣ ትከሻውን። ወይ ጉድ።

ቀስ ብሎ እጄን ከኮሌታው አላቀቀ። ረቡዕ ዕለት ትክክል ነህ ያልሺኝ አንቺ ነሽ አለኝ።

ዕቃ ቤት ውስጥ ጩኸቱ ቀንሷል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16። ጠዋት

ኮንትሮል ሞቷል።

በሩን ስከፍተው አብሮ ወደቀ። ጥፍሮቹ ተነቃቅለዋል። ከንፈሩ ተበልቷል። በሩ ላይ ሁለት ጥርስ ተሰክቶ ቀርቷል። አላቀፍኩትም። ላቅፈው እፈልግ ነበር፤ ፌስታል እጄ ላይ አጥልቄ ማዳበሪያ ላይ ጎትቼ አወጣሁት። ጌ. በሩ ላይ ቆሞ ፊቱን ሸፈነ።

ጋሽ ዘሪሁን ከባለሙያው ጋር መጡ፤ ያው ጠረጴዛውን የመታሁበት ልጅ ነው። ጓንት፣ ቢላዋ፣ በረዶ የሞላ ሳጥን ይዟል። ግቢው ተሰበሰበ። ጭንቅላቱ ይቆረጥ፣ አዲስ አበባ ይላክ፣ ይታወቅ አሉ። ሁሉም አንድ ቃል። እኔም በልቤ ይታወቅ አልኩ። ከሁሉም በላይ ማወቅ የፈለግኩት እኔ ነኝ። መርዝ ከሆነ የምጣላው ሰው አለኝ። በሽታ ከሆነ ማንንም አልጣላም።

ያኔ ጌ. ወደ ፊት መጣ። ፊቱ በራ። ይቆረጥ አለ። ይላክ። ኮንትሮል አለማበዱን ታያላችሁ። ውጤቱ እስኪመጣ እጠብቃለሁ አለ፤ ይህን ያለው ወደ እኔ ዞሮ ነው፤ የገባን እኔና ሐዎ ብቻ ነን። ባለሙያውን ውጤቱ መቼ ይመጣል ብዬ ጠየቅኩት። እንጃ አለ። መንገዱ አለ፣ ላቦራቶሪው አለ፣ በረዶው ቀልጦ ከደረሰ ደግሞ ውጤት የለም።

እንጃ። ወንድሜ ኮንትሮል ንጹሕ ነው እያለ፣ መርፌ ሳይወጋ፣ እንጃን ቁጭ ብሎ ሊጠብቅ ነው።

ባለሙያው ከመቁረጡ በፊት ቢላዋውን ሊያጥብ ወደ ቧንቧው ሄደ። ጋዙ ያለው ምድጃው ሥር ነው። አመጣሁት። ማዳበሪያውን ከነኮንትሮል ቆሻሻ ወደምናቃጥልበት ጉድጓድ ጎተትኩት። ሰው ምን እያደረግኩ እንደሆነ ሳይገባው ጋዙን በሙሉ ደፋሁበት። ክብሪት ጫርኩ።

ጌ. እንዲያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። እናታችን የሞተች ቀንም አልጮኸም። ወደ እሳቱ ሮጠ፤ ሁለት ሰው ያዘው። ባለሙያው ቢላዋውን ይዞ ምን አደረግሽ፣ ምን አደረግሽ ይለኛል። ጠጉሩ መጀመሪያ ነደደ። ሽታውን አልጽፈውም። ለማጥፋት የተጠጋውን በእንጨት መለስኩት። ጭንቅላቱ እስኪሰነጠቅ ድረስ ዓይኔን አላነሣሁም። የሚያውቁኝ ዓይኖቹ ነበሩ እዚያ ውስጥ። አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ቆሰቆስኩት።

ከዚያ የጌ.ን እጅ ከኪሱ መንጭቄ አወጣሁ። ከፍ አድርጌ ያዝኩት፣ ጨርቁን ቀደድኩት። ተነክሷል አልኩ። ሐዎም ተነክሳለች። እኔም ተቧጭሬያለሁ። ዋሽተናችኋል። ጋሽ ዘሪሁን ትከሻዎን ስለመታሁ ይቅር ይበሉኝ። አሁን የሚላክ ጭንቅላት የለም፣ የሚጠበቅ ውጤትም የለም፤ ማንም መቼም አያውቅም። መርፌ ብቻ ነው ያለው።

ጋሽ ዘሪሁን ልጄ ጋ ደውዬ ቶሎ እንድትቀበላችሁ አደርጋለሁ አሉና ስልካቸውን አወጡ።

ቅዳሜ፣ ረፋድ

ጤ/ጣቢያ። አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልህ፤ ጭስ ጭስ እሸታለሁ። ጋሽ ዘሪሁን በሩ ላይ ቆመዋል፣ ጌ. እንዳይወጣ ይሁን እንዲያበረቱን እንጃ። ልጃቸው ቁስላችንን አየች። ዘግይታችኋል አለች። ለዛሬ ከዘገየ ለነገ ደግሞ ይብሳል፣ እንኳን መጣችሁ አለች። ጣቱን ማን በሳሙና አጠበው ብላ ጠየቀች። እኔ አልኩ። ደግ አድርገሻል አለችኝ። ዛሬ ያገኘኋት መልካም ቃል እሷ ብቻ ናት።

መጀመሪያ ሐዎ ገባች። መርፌው ሲነካት አቤት ጩኸቷ።

ጌ. አጠገቤ ተቀምጧል። ጠርዝ ላይ ሄዶ ነው የተቀመጠው፣ ልብሴ እንዳይነካው። በመንገድ ላይ አንዲት ነገር ብቻ ተናገረ፣ ያውም ለሐዎ፤ ከእንግዲህ ከእሷ ጋር አንድ ቤት አልኖርም አለ። እሷ የተባልኩት እኔ ነኝ።

ይሂድ። ቤት ይከራይ። ቬንትሌተሮቹን ተሸክሞ ይሂድ። ግን ይህን መርፌ አንዷን ሳያጎድል ይጨርሳል፤ በየቀጠሮው አንገቱን ይዤ አመጣዋለሁ። ስድብም ቢሆን፣ ምራቅም ቢተፋብኝ። ዕድሜውን ሙሉ ይጥላኝ። ብቻ ዕድሜ ይኑረው።

ሐዎ ወጣች። እያነከሰች፣ እየሳቀች። የጌ. ስም ተጠራ። አልተነሣም። መርፌ ወጊዋ ደግማ ጠራችው። በሩን ያያል። ጋሽ ዘሪሁንን ያያል። ቆይ፣ ደብተሩን ላስቀምጥና ልያዘው።